በተራ የቆሙ ቁጥሮች

ነሐሴ 20

ለውድ እህቴ፣

ክረምቱ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ፣ ያ ብርድ ሲሰማው የሚያኮርፈው? እኔም፣ ልጅሽም፣ ላሚቱም ደህና ነን። አጥሩ ብቻ ትንሽ አዘንብሏል፤ እሱም ቢሆን ከኔ ቀድሞ አልወድቅም ብሏል። ፈጣሪ በሰው አገር እጅሽን ከድካም፣ ስምሽን ከሐሜት ይጠብቅልኝ።

ይህ የማን እጅ ጽሕፈት ነው ብለሽ እንዳትደነግጪ። የታላቅ ወንድምሽ ነው። እስከ ዛሬ እኔ ስናገር ልጅሽ ትጽፍልኝ ነበር፤ አሥር ነገር ስነግራት ሦስቱን ጽፋ፣ «ሌላው ጉራህ ነው አጎቴ፣ ወረቀት ይፈጃል» ትለኛለች። ከእንግዲህ የሚቆርጠኝ የለም። የማታ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። ሠላሳ አንድ ሆነን ጀመርን፣ ዘጠኝ ሆነን ጨረስን፣ ከዘጠኙ አንደኛ እኔ ነኝ። መምህራችን ይበልጠኛል፤ እሱም ቀድሞ ስለጀመረ ነው። ድሮ ቢሮ ስገባ አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው ያስፈርሙኝ የነበረውን ታስታውሻለሽ? አውራ ጣቴን ጡረታ አውጥቼዋለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ የሦስት ወረዳ ገበሬ ተሰብስቦ የሙከራ እርሻ የሚያይበት የመስክ ቀን ዘንድሮ እኛ መንደር ነው። ከወንዙ ማዶ ባለው መሬት ላይ ስምንት ዓይነት ስንዴ በስምንት መደብ ተዘርቷል። ዋግን የሚቋቋመው ዘር ይመረጥና ለሦስቱም ወረዳ ይባዛል። ዋግ ማለት ምን እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም፤ አባታችን ስንዴው በዋግ በሽታ አልቆበት ማሳው ዳር ተቀምጦ ከሰው ጋር መነጋገር ያቆመበትን ዓመት አልረሳሽውም።

ሥራው ሁሉ የወደቀው በአሥራ አራት በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ላይ ነው። ያርማሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ፣ የእንግዳ ዳስ ይተክላሉ፣ ሽንት ቤት ይቆፍራሉ። አለቃቸው የነበረው ልጅ ከተማ ገብቶ ቀረና ባለፈው ሳምንት በቦታው ልጅሽን ሾሟት። ጠብ ሲነሳ እሷ ጋ ስለሚሄዱ «ዳኛ» ይሏታል። የእርሻ ባለሙያው ደግሞ፣ የመስክ ቀኑ ካማረ ከወጣቶቹ አንዱን ለሁለት ዓመት ወደ እርሻ ትምህርት ቤት እልካለሁ ብሏል። ስም አልጠራም። ሲናገር ግን የሚያየው እሷን ነው። እሷም ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላትም፤ ማሳው ውስጥ ነው የምትውለው።

የኔን ድርሻ ስሚ። ከሹመቷ በፊት ወጣቶቹና ባለሙያው ለአሥር ቀን ሥልጠና ከተማ ሲሄዱ ማሳውን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። በየመደቡ ራስ የተተከሉት የካርቶን ቁጥሮች በዝናብ ርሰው ደብዝዘዋል። ባለሙያው፣ «በቆርቆሮ ይጻፉና እያንዳንዱ ወደ ቦታው ይመለስ» ብሎ ከሄደ በኋላ፣ መምህራችን ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። ሄጄ አንድ በአንድ ነቀልኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱንም ባላነበበው፤ እኔ ግን ለልምምድ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው የነቀልኩት። ከበሩ ጀምሮ ምን ይላል መሰለሽ? ሦስት፣ ሰባት፣ አንድ፣ ስድስት፣ ሁለት፣ ስምንት፣ አምስት፣ አራት። ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ። የተማሩ ልጆች ናቸው እንግዲህ፤ ከአንድ ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ ሳያውቁ ስንዴ ሊያስተምሩን ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ በቀይ ቀለም ጻፍኩ። ስመልሳቸው በተራቸው አቆምኳቸው፤ ከበሩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እስከ ስምንት። አሁን ከሩቅ ሲታዩ ሰልፍ የወጡ ወታደሮች ይመስላሉ። ሲመለሱም ልዩነቱን ልብ ያለ የለም፤ እኔም ልጆቹን ላለማሳፈር ለማንም አልተናገርኩም። ሥራ ማለት እንዲህ ነው፤ ሠርቶ ዝም።

አንድ ደህና እስክሪብቶ ላኪልኝ። የዚህ አገር እስክሪብቶ እኔን አልቻለኝም።

ታላቅ ወንድምሽ፣ በገዛ እጁ


መስከረም 14

ለጋሼ፣

ደብዳቤህ በደህና ደርሶኛል፤ አንተንም ቤትህንም በደህና ያቆይልኝ። ምሳ ሰዓት ላይ የቲማቲም ሳጥን ገልብጬ ተቀምጬበት ነው ያነበብኩት። የእጅ ጽሕፈትህን ሳይ አለቀስኩ፤ ስለ አውራ ጣትህ ስደርስ ደግሞ ሳቅኩ። አጠገቤ ያለችው ሠራተኛ አብዳለች ብላ ውሃ አመጣችልኝ። ኮርቼብሃለሁ ጋሼ። አባታችን ቢያይ ኖሮ ደብዳቤውን ገልብጦም ቢሆን ይዞ መንደሩን ይዞርበት ነበር።

እስክሪብቶውን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ነገር ግን ስለ ቁጥሮቹ የጻፍከው ከልቤ አልወጣ አለ።

የምሠራበት ትልቁ የፕላስቲክ ቤት ጀርባ ትንሽ ክፍል አለ። የስምንት አሥር ዓይነት ቲማቲም ችግኝ ይሞከርበታል። እዚያም ቁጥሩ የተዘበራረቀ ነው። እንደገባሁ ሰሞን ላስተካክለው እጄን ስዘረጋ የቡድን መሪያችን እጄን ያዘችኝ። አንዱ ዳር ፀሐይ ይበዛበታል፣ ሌላው ዳር ንፋስ ይመታዋል፤ ስለዚህ ለማንም እንዳያዳላ ሆን ብለው ያዘበራርቁታል። ትክክለኛው አቀማመጥ በወረቀት ተጽፎ አለቃው ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ቁጥሩ የችግኙ ስም ነው እንጂ ተራው አይደለም አለችኝ።

ጋሼ፣ ልጆቹ አልተሳሳቱም። አሁን እያንዳንዱ ስንዴ የሌላውን ስም ይዞ ነው የቆመው። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ሳትቀመጥ ሂድና ለባለሙያው ንገረው። አሁን ቢነገር ሳቅ ነው። አንተም ራስህ ቀልድ ታደርገዋለህ። ሲቆይ ግን ምን እንደሚያስከትል አላውቅም፤ ማሳው ደግሞ በልጄ እጅ ነው።

ሌላው ልመናዬ፣ እሷ ራሷ ትጻፍልኝ። ያንተ ጽሑፍ ያማረ ነው፤ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የልጄን ፊት የማየው በእጅ ጽሕፈቷ ነው። ስትቸኩል ፊደሎቿ ይጋደማሉ፣ ስትከፋ ይጠባሉ። አንድ ገጽ ትበቃኛለች።

ለመስክ ቀኑ እመጣለሁ ያልኩት ፈቃዱ ገና አልተቆረጠም። ለእሷ እርግጠኛ ነገር አትንገራት።

እህትህ


ጥቅምት 6

ለውድ እህቴ፣

እንደምን አለሽልኝ? የላክሽው ሰላምታም እስክሪብቶም ደርሷል። እስክሪብቶውን መምህራችን ለአንድ ቀን አውሰኝ ብሎኝ አልሰጠሁትም፤ ሚስትና እስክሪብቶ አይዋስም አልኩት።

ታላቅ ወሬ አለኝ። በመስክ ቀኑ የእንግዳ መቀበያውን ንግግር እንዳነብ ተመርጫለሁ። ከማታ ተማሪ ለዚህ የበቃ የለም። ጠዋት ጠዋት ላሚቱ ፊት እለማመዳለሁ፤ እስካሁን አላጨበጨበችም።

ዝግጅቱ ደርቷል። ዳሱ ቆሟል፣ መንገዱ ተጠርጓል። ወጣቶቹ በየመደባቸው ቆመው ለእንግዳ ማስረዳት ስላለባቸው የክብር እንግዳ ሆኜ የማለማምዳቸው እኔ ነኝ። ኮት ለብሼ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እመጣለሁ። ትናንት ወሬው ስለማያልቅ ሬዲዮ የምንለውን ልጅ፣ «ለመሆኑ ይህ ስንዴ ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ክቡር እንግዳ፣ ስንዴ አይናገርም።»

«አንተስ መቼ ነው እንደ ስንዴው የምትሆነው?»

«እርስዎ መምጣት ሲተዉ» አለኝ። ሁሉም ተንከተከቱ።

ስለ ቁጥሮቹ ሰሌዳ ያልሽውን አይቻለሁ። አታስቢ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ከባለሙያው በሹፌር እጅ ቁራጭ ወረቀት መጥቶ ነበር። የሁለት ቁጥር ዘር ከእንክርዳድ ጋር የተቀላቀለ ሆኖ ስለተገኘ፣ ሳያፈራ ይታጨድ ይላል። ልጅሽ ወረቀቱን ይዛ ሁለት ቁጥር ሰሌዳ ፊት ብዙ ቆመች። ስንዴው ንጹሕ ነበር፤ ዋግ የሚባል አልነካውም፤ እንክርዳድም አላየችበትም። «ይህን ማጨድ እጄ እምቢ አለኝ» አለች። ነገር ግን ትእዛዝ ትእዛዝ ነው፣ ልጆቹ ማጭዳቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ታጨደ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በማግስቱ ነው። ፖስታ ቤቱ ፈጣን ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፤ እኔ ምን ላድርግ።

በአራተኛው ቀን ባለሙያው ራሱ ወረቀቱን ዘርግቶ መጣ። ትንሽ ጩኸት ነበር። የታጨደው መታጨድ ያለበት አይደለም፣ ከሁሉ የተሻለው ነው አለ። ሰሌዳውን ማን እንዳዛወረው ጠየቀ፤ ልጅሽ፣ «ማሳው በኔ ኃላፊነት ነው» አለችው። ሌላ አልተናገረችም። ማን እንዳጠፋ ገና አልተጣራም። ለጊዜው ከአለቅነቱ አርፋ ሬዲዮ ተተክቷል። ዕረፍትም ለሰው ጥሩ ነው፤ በጣም ከስታ ነበር።

በዚያው ቀን እቤት ጠይቃኝ ነበር። ምሳ እየበላሁ ነው። «አጎቴ፣ ሰሌዳዎቹን እንደነበሩ ነው የመለስካቸው?» አለችኝ። እንዴታ አልኳት። ጥያቄው ድንገተኛ ነበር፤ ጉሮሮዬም ሙሉ ነበር። ትንሽ አየችኝና ሳህኑን አነሳችልኝ። ከዚያ ወዲህ «እርስዎ» ትለኛለች። አድጋ ይሆናል። ልጅ ሲያድግ ትሕትና ይጨምራል።

እንግዲህ የማስቸግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከእንግዲህ በደብዳቤሽ የሰሌዳ ነገር አታንሺ። ደብዳቤ በብዙ እጅ ነው የሚያልፈው። ንግግሬም ቀርቧል፤ ሰው ከወዲሁ በኔ ላይ ዐይኑን ጥሏል። ለእሷ ከጻፍሽም ስለ ልብስ፣ ስለ ጫማ ጻፊላት።

ጻፊ ብያት ነበር። ጊዜ ሳገኝ አለች።

ወንድምሽ


ጥቅምት 24

ጋሼ፣

የዛሬውን ሰላምታ ለሌላ ቀን አቆይልኝ።

የመጀመሪያ ደብዳቤህን አወጣሁና በጣቴ ቆጠርኩ። ከበሩ ሦስት፣ ከዚያ ሰባት። አንተ ሁለት የሚለውን ቆርቆሮ ያቆምከው ሰባት ፊት ነው። ልጄ ያሳጨደችው ሰባትን ነው፤ እጇ እምቢ ያለው እውነት ስለነበረ ነው። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለውን እናታችን ስትናገር እስቅ ነበር። አሁን አላሳቀኝም።

ስለ ቁጥሩ አልቆጣህም። አላወቅክም። ባላወቀ ሰው የሚቆጣ የለም። ስለ ፖስታ ቤቱም እውነትህን ነው፤ ደብዳቤዬ ዘግይቷል። እሷ የጠየቀችህ ግን ደብዳቤዬ ከደረሰህ በኋላ ነው። እንዴታ ስትላት ታውቅ ነበር።

ገና አልተጣራም ትለኛለህ። አልተጣራም ማለት ልጄ ስምህን አልጠራችም ማለት ነው። ለምትጠረጥረው አጎቷ ከለላ ሆና፣ ሌት ተቀን የደከመችለትን ትምህርት ቤት እያጣች፣ ሳህንህን ታነሳለች። እኔ ለመናገር መብቱ የለኝ ይሆናል። ያሳደግካት፣ ስትታመም አዝለህ የሄድከው አንተ ነህ። ያደረገችውም ያንተን አስተዳደግ ነው። አንተ ግን አላደረግከውም።

ለባለሙያው እኔ ልጽፍለት ተነስቼ ነበር፤ ቀደድኩት። ይህን ካንተ እጅ ወስጄ ብሠራው ላንተ ምንም አይቀርልህም። የመጀመሪያ ደብዳቤህን ከዚህ ጋር መልሼልሃለሁ። የቁጥሮቹ ተራ በገዛ እጅህ ተጽፎበታል። የምታደርግበትን አንተ ታውቃለህ።

ፈቃድ አላገኘሁም። አልመጣም። ይህንንም ለእሷ ንገራት፤ ዘንድሮ የሚዋሻት ሰው በዝቷል።

እህትህ


ኅዳር 20

ለእህቴ፣

ጤናሽን ብጠይቅ ልትመልሺልኝ እንደማትፈልጊ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደህና ሁኚልኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የመስክ ቀኑ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ፖስታውን ስከፍት የራሴ ጽሑፍ ወደቀ። ይዤው ምድጃ አጠገብ ቆምኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያላቃጠልኩት ጽድቅ ፈልጌ አይደለም። በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ስለሆነ ነው፤ አሳሳኝ።

በመክፈቻው ቀን ከሦስቱ ወረዳ ሰው እንደ ጎርፍ መጣ። ዳሱ ሞልቶ ሰው መንገድ ላይ ቆመ። ወጣቶቹ በየመደባቸው ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ቆመዋል። የታጨደው መደብ ፊት ሬዲዮ ቆሟል፤ ያን ቀን አፉ ተዘግቷል። ልጅሽ መደብ አልተሰጣትም። ከዳሱ ጀርባ ለእንግዶች ውሃ ትቀዳ ነበር።

ስሜ ሲጠራ ሁለት ወረቀት ይዤ ወጣሁ። በቀኝ ኪሴ ንግግሩ፣ በግራ ኪሴ ደብዳቤው። ግራውን አወጣሁ። «ለውድ እህቴ» ብዬ ጀመርኩ። ሰው ሳቀ፤ ያው የኔ ነገር ስለሆነ። ስለ አጥሩ ሳነብ ሳቁ። ስለ አውራ ጣቴ ሳነብ የክብር እንግዳው ሳይቀሩ ዕንባቸውን ጠረጉ። ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ ያልኩት ጋ ስደርስ እኔ አልሳቅኩም፤ እነሱ ግን ይስቁ ነበር። ሦስት፣ ሰባት፣ አንድ፣ ስድስት እያልኩ ስቀጥል ባለሙያው ሳቁን አቆመ። ወረቀቱን ከቦርሳው አውጥቶ በጣቱ ይከተለኝ ጀመር።

«ድገመው» አለኝ። ደገምኩለት።

«በተራ ያቆምኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። «የታጨደው ሰባት ነው። ልጅቷ ስትጠይቀኝ ዋሸኋት። ይህ ቀልድ አይደለም።»

ከኋላ አንድ ሰው አሁንም ሳቀ፤ ጎኑ ያለው ዝም አሰኘው። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ «እንዲህ ያለ ሰው ነው ያጣነው፤ ጥፋቱን በአደባባይ የሚናገር» አሉ። ተጨበጨበልኝ እህቴ። የክብር እንግዳው ጨበጡኝ። ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ። መምህራችን የማታ ትምህርት ፍሬው ይህ ነው ብሎ ተናገረ። እንዳታዝኚብኝ፤ ጭብጨባው ጣፈጠኝ።

ባለሙያው እዚያው ልጅሽን ጠርቶ ይቅርታ ጠየቃት፤ ወደ አለቅነቷም መለሳት። ነገር ግን የትምህርት ቤቱ ዝርዝር ከሳምንት በፊት ሄዷል፤ የሄደው በሬዲዮ ስም ነው። ልጁ አፍሮ አላናገራትም። ለከርሞ አንደኛ አደርጋታለሁ ብሎኛል ባለሙያው። ከርሞ ሌላ ባለሙያ ይመጣ ይሆናል። ከቀሩት ስንዴዎች ቁጥር አራት ተመርጧል። ይሻላል እንጂ ዋግ አያጣውም። የሦስት ወረዳ ሕዝብ ለአንድ ዓመት ከሰባት ያነሰ ዘር ይዘራል። ይህም የኔ ነው።

ቤት ስገባ እንደ ሙሽራ ነበርኩ። ልጅሽ ሸሚዟን ታጥብ ነበር። ምነው ዝም አልሽ አልኳት።

«በሰው ፊት ሲናገሩ ሰማሁ» አለችኝ። «ደግ ነው። እኔ ግን የጠየቅኩዎት እዚህ ነበር። እዚች ወንበር ላይ ተቀምጠው። ሌላ ሰው አልነበረም።»

ድምፅዋን አላነሳችም። የምመልሰው ፈለግኩ። አንድ አላጣም ብዬ ነበር፤ የመጣልኝ ሁሉ ለሸንጎ የሚሆን ነገር ነው። ለአንድ ሰው የሚሆን አልነበረኝም። እናቷ ፈቃድ እንዳላገኘች ያን ጊዜ ነገርኳት። «አውቄዋለሁ» አለች፣ ሸሚዙን እየጨመቀች።

ሁለት ቀን እንዲሁ አለፈ። መንገድ ላይ ሰው እያስቆመ ጀግና ይለኛል፤ ቤት ስገባ «ምሳዎ ቀርቧል» እባላለሁ። ሦስተኛው ቀን ወጣቶቹ ዳሱን አፍርሰው ሲሄዱ እሷ ቀረች። ፈልጌ ሄድኩ። የታጨደው መደብ ውስጥ ተንበርክካለች። ማጭድ ያልደረሰባቸውን ጥጋ ጥጎች እየፈለገች አንዳንድ የደረሰ ዛላ ትለቅማለች። ቢበዛ ሁለት እፍኝ ይሆናል። ሰባት ማለት አሁን ያ ብቻ ነው።

ቆቤን አወለቅኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማንም አልነበረም። ላሚቱ እንኳ አልነበረችም። ያልኳትን አልጽፍልሽም። አጭር ነበር፤ ለሷ ነበር።

ለቀማዋን አላቆመችም። መደቡ ጫፍ ደርሳ እስክትመለስ ድረስ ጠበቅኩ። ከዚያ፣ «ሰማሁ» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ፣ «ለእናቴ እኔው እጽፍላታለሁ። ቴምብር ይግዙልኝ።»

ገዝቻለሁ። የኔ ደብዳቤ ቀድሞ ከደረሰሽ፣ የእሷ እስኪደርስ መልስ አትጻፊልኝ።

ወንድምሽ